የአባ ኑርዬ ጥምጣም

ቤቴ ከሰል አይገባም። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዉ ሁሉ ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲያራግብ፣ እኔ የጠዋቱን ቂጣ በቀዝቃዛው እየቆረስኩ እቀመጣለሁ። "ዘሀራ እኮ ነገረኛ ናት፣ ግድግዳዬ ይጠቁራል ብላ ነው" ይላሉ። ይበሉ! በዚህ ዕድሜዬ ለሰው አፍ ክዳን ልሰፋ ነው? ሽታውን ነው የማልችለው። ለሌላው ሰው የከሰል ሽታ የወጥ ሽታ ነው፣ የእንግዳ ሽታ ነው። እኔ ግን ገና ከጎረቤት ግቢ ሽው ሲልብኝ እጄን ሳላውቀው ቀሚሴ ላይ እጠርገዋለሁ። ንጹሕ እጅ። ስንት ዓመት ሙሉ ስጠርገው ኖርኩ መሰላችሁ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፣ ዶክተር ቤዛ እስክትመጣ። ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን የኋላ ክፍሌን የተከራየችው እሷ ናት። ዶክተር ሲሏት መርፌ የምትወጋ መስሎኝ ጉልበቴን ላሳያት ነበር፤ ለካ እሷ የምታክመው መሬት ኖሯል። አርኪዮሎጂስት ነኝ አለችኝ። ድሮ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት፣ የዚህ ቆላ ደን ምን ይመስል እንደነበር፣ ሰው መቼ እንደቆረጠው፣ መቼ እንዳቃጠለው ከአፈር ላይ ታነባለች። ሱሪዋን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ የግንበኛ ማንኪያ የመሰለች መቆፈሪያ ወገቧ ላይ ሰክታ ማለዳ በባጃጅ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ አፈር በላስቲክ ቋጥራ ትመለሳለች። "የኔ ልጅ፣ እናትሽ ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማረችሽ አፈር እንድትለቅሚ ነው?" ስላት ትስቃለች። ደህና ልጅ ናት፣ አላህ ያሳድጋት። በልታ ሳህኗን ታጥባለች።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ጥቋቁር ስባሪዎች ደረደረች። አንዱን በምላጭ ትሰነጥቅና በመነጽር ታየዋለች፤ ታየዋለችና ትጽፋለች። ምን እንደሆነ ሳየው ገባኝ፤ ከሰል ነው። "ይህ የምን ዛፍ እንደሆነ ለማወቅ አዲስ አበባ ወስጄ በትልቁ ማይክሮስኮፕ ማየት አለብኝ" አለች፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው። ታዲያ የኔ ነገር! እንደምንም ችዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? አንዷን አንስቼ ሲሚንቶው ላይ ለቀቅኳት። ቅጭል አለች። "ይቺ ግራር ናት፤ ጥሩ ግራር እንደ ብረት ይጮሃል" አልኩ። ሌላውን ጣልኩት፤ ጠፍ ብሎ ቀረ። "ይህ ደግሞ ዋርካ ነው፣ ድስት አያፈላም። ይቺኛዋ ቁርቁራ ናት፤ ስትነድ ትፈናጠራለች፣ የሰው ቀሚስ ትበሳለች።" ዶክተር ቤዛ ምላጯን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። "እማማ ዘሀራ፣ ከሰል በማይገባበት ቤት ይህን ከየት ተማሩት?" አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አባቴ ነጋዴ ነበር፣ ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ።

"የት ነው ያገኘሽው?" አልኳት፣ ነገሩን ለማዞር። "ከሮቢት ወዲያ፣ የጌቶቹ ደን ከሚሉት ቦታ" አለች። ጎርፍ የላይኛውን አፈር ሲያጥበው ዘጠኝ ጥቋቁር ክቦች መሬቱ ላይ ብቅ ብለዋል፤ የጥንት ሰዎች ደኑን ለእርሻ ሲመነጥሩ እንጨቱን ያቃጠሉበት ጉድጓድ ሳይሆን አይቀርም። አንዱን ከፍታዋለች። "ሐሙስ ደግሞ ከተሰነጠቀው ዋርካ ሥር ያለውን ትልቁን እከፍታለሁ። ከላይ ትንሽ አጥንት ብቅ ብሏል።" "የምን አጥንት?" አልኳት። "ገና አላወቅኩም፤ የበሉት ፍየል ይሆናል። ሳጥን ውስጥ አሽገን አዲስ አበባ እንወስደዋለን" አለችኝ።

ፍየል አይደለም። ሉባባ ናት። ታናሽ እህቴ፣ አራት ዓመት ያልሞላት። ጉድጓዱንም የቆፈሩት የጥንት ሰዎች አይደሉም፤ እኔና ወንድሜ ኢብሬ ነን። ማክሰኞ ነበር። ለሐሙስ አንድ ቀን ቀርቶኛል። ወይ ተናግሬ የኔን ጉድ አወጣለሁ፣ ወይ ዝም ብዬ እህቴን በሳጥን እሸኛለሁ።

የጌቶቹን ደን ዛሬ ብታዩት ደን ነበር ብላችሁ አታምኑም። አንድ የተሰነጠቀ ዋርካ፣ ጥቂት እሾህ፣ ከዚያ ወዲያ ጎርፍ የቆረሰው ገላጣ ነው። በልጅነቴ ግን ከብት ገብቶበት ቢጠፋ ሦስት ቀን የሚያስፈልግ ደን ነበር። ግራሩ ከግራሩ ተያይዞ በጠራራ ፀሐይ ጥላው ይበርድ ነበር። ጌቶቹ የምንላቸው ከአያት ቅድመ አያቶቻችን ዘመን እዚያ የተቀበሩ ሼህ ናቸው። ከደናቸው ቅጠል አይቀነጠስም። ነፋስ የጣለው ግንድ እንኳ እዚያው ይበሰብሳል እንጂ ማገዶ አይሆንም። እስላሙም ክርስቲያኑም ያከብረው ነበር፤ ደም ያለበት ሰው ሸሽቶ ከገባ አሳዳጁ ከደጃፉ ይመለሳል።

የደኑ ጠባቂ፣ በኛ አገር አነጋገር ኻድሙ፣ አባ ኑርዬ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ድምፅ የማይሰማ ሰው። ሀብታቸው አንድ ጥምጣም ነበር፤ ነጭ፣ ስምንት ክንድ። ስምንት ክንድ መሆኑን የማውቀው ኢብሬ በክንዱ ሲለካው ስላየሁ ነው። ለዒድ ሲያጥቡት እኛ ልጆች በሁለቱ ጫፍ ይዘን ነፋስ ላይ እናደርቀው ነበር፤ በኋላ ሉባባ ተወልዳ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ከሥሩ እየሮጠች ትገባና ጨርቁ ፊቷን ሲነካት ትንከተከት ነበር። እስኪደርቅ እሳቸው ከቤታቸው አይወጡም፤ አባ ኑርዬን ራሳቸው ተገልጦ ያየ ሰው አልነበረም። ሼህ ራሱን ገልጦ ከሰው ፊት አይቆምም፤ ውርደት ነው። አንድ ቀን ቁርቁራ ልለቅም ስንጠራራ ቅርንጫፍ ሰበርኩ። ደረሱብኝ። አልገረፉኝም። ልጥ ልጠው የሰበርኩትን አስጠገኑኝና፣ "በይ አሁን አፉ በለኝ በይው" አሉኝ። እየተነፋረቅኩ ዛፉን አፉ በለኝ አልኩት።

ያኔ ቆቦ አንድ መንገድና ሁለት ረድፍ ሱቅ ነበረች። ዛሬ ባጃጅ ሳይገጨኝ አንድ ጎዳና መሻገር ጀግንነት ሆኗል። በገበያ ቀን ከአባቴ ጋር ስንመጣ የራያ ጎበዞች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ጸጉራቸውን ቅቤ አጠጥተው፣ እየዘፈኑ በመሐል መንገድ ይገቡ ነበር፤ መኪናው ነው ቆሞ የሚያሳልፋቸው። ስሙኒ የያዘች ልጃገረድ እስኪበቃት ትበላለች፣ ተርፏት ለጸጉሯ ማስያዣ ትገዛለች። አባቴ አንድ ጊዜ ቀይ ናይለን ሻሽ ገዛልኝ፤ ብር ከስሙኒ። ከዓረቦች ሱቅ ጥግ፣ ልብስ ሰፊው ከሚቀመጥበት በረንዳ ሥር። ያ ልብስ ሰፊ መኪናውን በእግሩ እየመታ ያፏጭ ነበር፤ ዜማውን እስካሁን አስታውሳለሁ፣ ስሙን ረስቻለሁ። የቆቦ ማሽላ ደግሞ! ሰው በፈረስ ላይ ሆኖ እርሻው ውስጥ ገብቶ የማይታይበት ማሽላ። እህል የሚያልቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። በኋላ የመጣውን ሌላውን አይደለም የምለው፤ የፊተኛውን፣ ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው የሆነውን። ማሽላው ጉልበት ደረሰና ቆመ። ደመና ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ጉልበትም አልደረሰ። አባቴ የቀሩትን ላሞች ይዞ ውሃ አለ ወደተባለበት ወደ አፋር ወረደ፤ እንደወጣ ቀረ። አባ ኑርዬ ሽማግሌውን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰብስበው ወዳጃ ተቀመጡ፤ ሌት ተቀን ዱዓ፣ መንዙማ፣ አሚን፣ አሚን። በመጨረሻ መንዙማው የሚቆመው ዱዓው አልቆ አይደለም፣ የሚያወጣው ድምፅ ጠፍቶ ነበር። ከደጋም ከቆላም ሰዉ እየተጎተተ ወደ ትልቁ መንገድ ወረደ። በጎብዬ በኩል መኪና ሲመጣ ሰው ሁሉ እጁን ይዘረጋል፤ መስኮቱ ይዘጋል። መሬት ላይ የተጋደመ ሰው ተኝቷል ወይስ ሞቷል ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። እኔ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ስለ አገሩ ፖለቲካ የሚያውቁ ይጻፉት፤ እኔ የማውቀው የእናቴ ቀለበት ከጣቷ ላይ በራሱ መውደቅ መጀመሩን ነው።

ኢብሬ አንድ ቀን ከመንገዱ ሲመለስ ዓይኑ ሌላ ሆኖ መጣ። የጭነት መኪና ረዳት፣ "ገንዘብ የለኝም አትለምነኝ፤ ከሰል ካለህ ግን ደሴ ወስደን እንሸጣለን፣ በእህል እለውጥሃለሁ" ብሎታል። ለአንድ ጆንያ ከሰል ሁለት ቁና ማሽላ። ከሰል ከየት ይመጣል? የጋራውን እንጨት ሰው ጨርሶታል፤ ያልተነካው የጌቶቹ ደን ብቻ ነው። እናቴ አስተግፊሩላህ ብላ ጆሮዋን ያዘች። ኢብሬ አልተከራከራትም። ሉባባን አንስቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላትና ወጣ። ልጅቷ እንደ ገለባ ቀልላ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እናቴ ራሷ የአባቴን ምሳር ከጣሪያው ሥር አውጥታ በር ላይ አስቀመጠችው።

ጁምዓ መረጥን። አዎ፣ በጁምዓ፣ ወንዱ ሁሉ ሮቢት መስጊድ በሚሆንበት ሰዓት። ኃጢአት ላይ ኃጢአት ነው፤ ግን ደኑ ሰው የማይኖርበት ሰዓት ያ ብቻ ነበር። ከዋርካው ሥር ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ያኔ ገና ጥቂት ጉልበት ነበረን። እርጥቡን ግራር ደርድረን፣ ከታች እሳት ለኩሰን፣ በሣርና በአፈር አፍነን ሦስት ቀን እንተወዋለን። ጢሱ ወፍራምና ጣፋጭ ነገር ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በአራተኛው ጁምዓ ይሁን በአምስተኛው ከደኑ ማዶ የሌላ ሰው ምሳር ሰማን። ከዚያ ደግሞ ሌላ። እኛ ስናቆም እነሱም ያቆማሉ፤ ስንጀምር ይጀምራሉ። ማናቸው እንደሆኑ አልጠየቅንም። ስንመለስ መንገድ ላይ ጆንያ በጀርባው ያዘለ ጎረቤት እናገኛለን፤ እሱም እኛም እጃችንን ሽርጣችን ውስጥ ሸሽገን "አሰላሙ አለይኩም" ተባብለን እናልፋለን። ጢሱን አገር ያየዋል። "ይህ ጢስ የምንድን ነው?" ይላል አንዱ። "እንጃ፣ መንገደኛ ይሆናል" ይላል ሌላው፣ ጥፍሩ ሥር ከሰል ይዞ።

አባ ኑርዬ ደረሱብን። አንድ ጁምዓ መስጊድ አልሄዱም ኖሮ ድንገት ከዋርካው ጀርባ ብቅ አሉ። ምሳሩ ከእጄ ወደቀ። ዛፎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ኢብሬን አዩ። ከዚያ ጥላው ሥር የተኛችውን ሉባባን አዩ። የከሰሉን ፍርፋሪ ትበላ ነበር፣ እናቴ ብትቆጣም አትተውም፤ ከንፈሯ ጥቁር ነበር። አባ ኑርዬ ፊታቸውን አዞሩ። ሄደው ከደኑ ደጃፍ፣ መንገዱ ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡና ሙስበሃቸውን መቁጠር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ ያው ናቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሰው ቢመጣ ሊመልሱልን ይሁን፣ እንዳያዩን ይሁን እስከዛሬ አላወቅኩም።

ሉባባ የሞተችው ኢብሬ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ መንገዱ በወረደበት ቀን ነው። ረፋድ ላይ። እናቴ ጡቷን አውጥታ ሰጠቻት፤ ምንም የሌለበትን ጡት፤ ልጅቷ ያዘችውና ለቀቀችው። እንዲህ ነው። ሌላ ነገር የለውም። ኢብሬ ያን ቀን ሁለት ቁና ሙሉ ማሽላ ይዞ መጣ። ያን ማሽላ እኔ በልቼዋለሁ፤ ለዚህ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የማወራችሁ።

ከዚያ በፊት ግን አባ ኑርዬ መጡ። ማን እንደነገራቸው እንጃ። እናቴ፣ "አባ ኑርዬ፣ መቆፈር አልችልም። ዘሀራም አትችልም" አለች። መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ በእነዚያ ቀኖች ሰው ዘመዱን ከመሬት በላይ ድንጋይ ከምሮበት ይሄድ ነበር፣ ጅብ ያፈርሰዋል። አባ ኑርዬ ዝቅ ብለው ሉባባን አቀፏትና፣ "መቆፈር አያስፈልግም። የቆፈራችሁት አለ አይደል፤ አፈሩ ለስላሳ ነው" አሉ። ስለዚያ ጉድጓድ ያን ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት። ማጠቢያ ውሃ አልነበረም። በንጹሕ አፈር ተየሙም አደረጉላት፤ ፊቷን፣ እጇን። የከንፈሯ ጥቁረት ግን እንቢ አለ። ከፈን የሚሆን ጨርቅ ስንፈልግ እናቴ የለበሰችውን ልታወልቅ ስትል ያዟትና ራሳቸውን ሳይገልጡ የጥምጣማቸውን ጫፍ ፈቱ። ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው ቀደዱት። አንድ ክንድ ተኩል። እህቴን በሱ ገንዘው፣ ሰግደውባት፣ ከሰል ባወጣንበት ጉድጓድ አስገቧት። የቀረውን ጥምጣም ሲመልሱ አየሁት፤ ከዚያ በፊትም አጥሮ ነበር፣ ያኔ ግን አላስተዋልኩም።

እናቴ እግራቸውን ይዛ፣ "ጉድጓዱ የማን እንደሆነ ለሰው አይንገሩብን። ልጆቼ የጌቶቹን ደን ቆረጡ ከተባሉ አገር ያወጣቸዋል" አለቻቸው። "ከኔ ወጥቶ ወደማንም አይሄድም" አሉ። ለሌሎቹም እንደዚሁ ብለው ኖሯል፤ እኛ ግን እንደኛ የቀበሩ ሌሎች መኖራቸውን አላወቅንም።

ዝናቡ ሲመጣ የቀረነው ሰዎች ቀና ብለን አየን፤ ደኑ የለም። አንድ ዋርካ ቆሟል። የማን ሥራ ነው? ሁሉም የተሸከመው ነገር ስላለ አንድ ተሸካሚ ተፈለገ። ሽማግሌው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አባ ኑርዬ መጡ፤ ራሳቸው ገላጣ ነበር። ራሰ በራቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት፣ ትንሽ፣ የሕፃን የመሰለ። ሰዉ ጉም ጉም አለ። ያኔ ያሲን ተነሣ። ያሲን አዲስ ተጋቢ ጎበዝ ነበር፣ አፈኛ። "ደኑን ማን እንደሸጠው ራሱን እዩት! ጥምጣሙን እንኳ ሳይቀር ሸጦ በልቷል!" አለ። ሰዉ በአንድ ድምፅ እውነት ነው አለ። እኔና ኢብሬ እዚያው ነበርን። አንድ ክንድ ተኩሉ የት እንደሄደ እናውቃለን። የቀረውን ግን ሸጠውት ይሆናል አልን። በአላህ ስም፣ እንዲህ አልን! ራሳችንን እንዲህ ብለን አሳመንነው። አባ ኑርዬ ዙሪያውን ፊታችንን አንድ በአንድ አዩት። እኔ ጋ ሲደርሱ መሬት መሬት አየሁ። "አላህ ያውቃል" ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ሰላም የሚላቸው፣ እሳት የሚሰጣቸው፣ አብሯቸው የሚበላ ጠፋ። አንድ ቀን ወደ ቆቦ ሲሄዱ ታዩ። መንገድ ዳር ሞቱ የሚል ወሬ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰማን። "ኢና ሊላሂ" አልንና ወደ አረማችን ተመለስን።

ረቡዕ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎብዬ ወረድኩ። ኢብሬ ዛሬ ሀጂ ኢብራሂም ነው፤ ዓይኑ ፈዝዟል፣ የልጅ ልጆቹ እጁን ይዘው ነው የሚያስወጡት። ብቻችንን እስክንሆን ጠበቅኩና ነገርኩት።

"አፍሽን ዝጊ" አለኝ።

"አያ፣ ሉባባን በሳጥን ሊወስዷት ነው።"

"እንግዲያው የሰው መቃብር ነው በያት፣ ትተወዋለች። የማን ነው ካለችሽ አላውቅም በይ። ስለ ከሰል ምን አስነሣሽ? ስለ አባ ኑርዬስ ምን አስነሣሽ? ሰውየው ሞቷል። የሞተ ተጎዳ፣ እኛ ምን እናድርግ?"

ልክ ነው፣ እኮ። እንዲህ ብል እህቴም ትተርፍ፣ ስሜም ይተርፍ ነበር። የመመለሻውን ሚኒባስ ስሳፈር በዚሁ ተስማምቼ ነበር። "እሺ" ብዬው ነበር የወጣሁት። በሩ ላይ ግን ኢብሬ፣ "ዘሀራ" ብሎ ጠራኝ፤ "ያኔ ስምንት ክንድ ነበረ አይደል?" አለኝ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ! ለካ እሱም ሲለካው ነው የኖረው።

ሐሙስ ከዶክተር ቤዛ ጋር በባጃጇ ሄድኩ። አብሬያት መሄዴ ደስ አላት። ቦታው ላይ ሠራተኞቹ ገመድ ወጥረዋል፤ የሰፈሩም ሽማግሎች የመሬት ነገር ነው ብለው መጥተው ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ያሲንም አለ፣ ሼህ ያሲን፣ ነጭ ጥምጣም ጠምጥሞ፣ ከዘራው ላይ አገጩን አስደግፎ። ዶክተር ቤዛ መቆፈሪያዋን ስታወጣ ገመዱን ተሻግሬ ጉድጓዱ ላይ ቁጭ አልኩ። "እማማ ዘሀራ፣ ምን ሆኑ?" አለች። የሰው መቃብር ነው ልል አፌን ከፈትኩ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏችኋል፤ እኔ ነኝ ያቺ ውሻ።

"የኔ ልጅ፣ ደብተርሽን አውጪና ጻፊ" አልኳት። "ይህን ደን ያቃጠሉት የጥንት ሰዎች አይደሉም። ይህን ጉድጓድ የቆፈርነው እኔና ወንድሜ ነን፣ በክፉ ቀን፣ በጁምዓ። ውስጡ ያለችው እህቴ ሉባባ ናት። የቀበሯት አባ ኑርዬ ናቸው። የገነዟት በጥምጣማቸው ነው፣ አንድ ክንድ ተኩል ቀደው። ደኑን አልሸጡም። ዋሽተን ነው፤ አውቀን ዝም ብለን ነው።"

ሽማግሎቹ ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዶክተር ቤዛ እስክሪብቶዋን ይዛ አልጻፈችም። ከዚያ ያሲን ከዘራውን ወደ ጎርፉ በኩል ዘረጋ።

"ልጄ፣ ያን ወዲያ ያለውን፣ ሦስተኛውን ክብ፣ ከፍተሽዋል?" አላት።

"አይ፣ ገና ነው አባባ።"

"አትንኪው" አለ። "የበኩር ልጄ እዚያ ነው። የሰባት ወር። አንድ ክንድ።"

ከጀርባው የተቀመጠው ሽማግሌ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "እኔ እናቴን ነው" አለ። "ሁለት ክንድ። እግሯ አልተሸፈነም ነበር።" አንዱ ደግሞ ከማዶ፣ ማንንም ሳያይ፣ "መንትያ ልጆቼ። በአንድ ላይ፣ ክንድ ተኩል" አለ። ሌላው ሁለት ጣቱን ብቻ አነሣ፤ ሁለት ክንድ። ማንም ደምር አላለንም፤ ግን እያንዳንዳችን በየልባችን ደመርን። ስምንት ሆነ። አባ ኑርዬ የሸጡት አንዲት ጋት አልነበረም። ሁላችንም የየራሳችንን ቁራጭ እያወቅን የቀረውን በልተውታል ብለን ነው ያባረርናቸው።

ያሲን ከዘራውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "እሳቸውስ በምን ተገነዙ?" አለ።

የሚያውቅ አልነበረም። ዶክተር ቤዛ የት እንደተቀበሩ ጠየቀችን፤ ያንንም የሚያውቅ አልነበረም። ያሲን ጥምጣሙን ፈታ፣ ቀስ ብሎ፣ ክንድ በክንድ፣ ጭኑ ላይ እስኪከመር። ከዚያ የሚወስድበት ቦታ ስላልነበረው እንደያዘው ተቀመጠ።